የሚሰማና የሚለይ ድምፅ፤ የቴሌቪዥን ንግግር በቤት ውስጥ ጥርት ብሎ እንዲደመጥ የተደረገ ጥረት ታሪክ

ስለ ቴሌቪዥን የተጻፉ ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያወሱት ስለ ሥዕሉ ነው። ጥቁርና ነጭ የነበረው ሥዕል እንዴት ባለ ቀለም እንደ ሆነ፣ ጥቂት መቶ የነበሩት መስመሮች እንዴት ከሺህ በላይ እንደ ደረሱ፣ ከባዱ የመስተዋት ቱቦ እንዴት በስስ ሠሌዳ እንደ ተተካ በሰፊው ተተርኳል። ድምፁ ግን ከሥዕሉ ኋላ የሚከተል፣ ብዙ ምርምር የማይጠይቅ ነገር ተደርጎ በመቆጠሩ በታሪኩ ውስጥ የሚገባውን ቦታ ሳያገኝ ቆይቷል። ይሁን እንጂ ቤተሰብ ተሰብስቦ ተውኔት በሚመለከትበት ሳሎን ውስጥ «ምን አለ?» የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋ የቤተሰቡ አባል ነው። አንድ ጊዜ ይጠይቃል፤ ይደግማል፤ በሦስተኛው ግን ሌሎቹን ላለማወክ ሲል ዝም ይላል። ከዚያ በኋላ ሥዕሉን በዓይኑ እየተከተለ፣ በጆሮው ግን ከጨዋታው ወጥቶ ይቀመጣል።

መፍትሔው ድምፁን ከፍ ማድረግ ይመስላል። ቤተሰቡም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ንግግሩ ግን አሁንም አይለይም፤ ሙዚቃውና የመኪናው ጩኸት አብረው ከፍ ብለዋልና። ይህ የዕለት ተዕለት ገጠመኝ የሚያመለክተው ድምፅ መሰማቱና ንግግር መለየቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች መሆናቸውን ነው። የቴሌቪዥን ድምፅ ታሪክ በአብዛኛው ይህ ልዩነት የታወቀበት፣ የተዘነጋበትና እንደገና የታወሰበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከስልክ የተጀመረ ጥናት

የንግግርን መለየት በቁጥር ለመለካት በስፋት የተጣረው ቴሌቪዥን ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ በስልክ ሥራ ላይ ነው። የስልክ ኩባንያዎች የሰውን ድምፅ በረጅም ሽቦ ሲያስተላልፉ የገጠማቸው ጥያቄ፣ ከሰው ድምፅ ውስጥ የትኛው ክፍል ቢቀነስ ንግግሩ ሳይበላሽ ይደርሳል? የሚል ነበር። ጥያቄው በገንዘብ የሚተመን ነበር፤ የማያስፈልገው ክፍል ከታወቀ መሣሪያውንም መስመሩንም በአነስተኛ ወጪ መሥራት ይቻላልና።

በአሜሪካ የቤል የስልክ ቤተ ሙከራዎች ይህን ጥናት ከመሩት አንዱ የፊዚክስ ሊቁ ዶክተር ሃርቪ ፍሌቸር ነበሩ። እርሳቸውና የሥራ ጓደኞቻቸው የተጠቀሙበት ዘዴ ቀላል ቢሆንም ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። አንባቢዎች ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት በመስመሩ ላይ ያነባሉ፤ አድማጮች የሰሙትን ይጽፋሉ፤ ከዚያም በትክክል የተጻፉት ተቆጥረው የመስመሩ ጥራት በመቶኛ ይገለጻል። ትርጉም የሌላቸው ክፍለ ቃላት የተመረጡት አድማጩ ያልሰማውን በግምት እንዳይሞላ ለማድረግ ነው። የዚህ ሥራ ውጤት በ1929 «ስፒች ኤንድ ሂሪንግ» በተባለው የፍሌቸር መጽሐፍ ታተመ። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የአሜሪካ የአኩስቲክስ ማኅበርም ፍሌቸርን የመጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አድርጎ መረጣቸው።

ከግኝቶቹ ሁሉ ለዚህ ጉዳይ ዋነኛው የሚከተለው ነው። የሰው ንግግር አብዛኛውን ጉልበቱን የሚይዘው በወፍራሙ ድምፅ፣ ማለትም በዝቅተኛው ድግግሞሽ ውስጥ ነው። ትርጉሙን የሚሸከመው ግን በአብዛኛው ቀጭኑና ደካማው ክፍል ነው። ከ1,000 ኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ተቆርጦ ሲቀር የንግግሩ ጉልበት ብዙም ሳይጎድል ከተነበቡት ክፍለ ቃላት ከግማሽ የሚበልጡት ሳይለዩ ይቀራሉ። በተቃራኒው ከ1,000 ኸርዝ በታች ያለው ሲቆረጥ ድምፁ ደቃቃና ለጆሮ የማይጥም ይሆናል፤ አድማጩ ግን አብዛኛውን ለይቶ ይጽፋል። ምክንያቱም አናባቢዎች ጉልበት ሲኖራቸው፣ ቃልን ከቃል የሚለዩት ተናባቢዎች ግን አጫጭርና ደካሞች መሆናቸው ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ ነገር ለመረዳት አያስቸግርም። የግዕዝ ፊደል ራሱ ተናባቢውን መሠረት አድርጎ አናባቢውን በቅርጹ ላይ በሚደረግ ለውጥ ያሳያል። «ፈላ» እና «ሰላ»፣ «ሰማ» እና «ሸማ» የሚለያዩት በመጀመሪያው ተናባቢ ብቻ ነው፤ እነዚህ ተናባቢዎችም በቀጭኑ የድምፅ ክፍል የሚገኙ የትንፋሽ ድምፆች ናቸው። ከዚህም ሌላ አማርኛ ማጥበቅንና ማላላትን በጽሕፈት አያሳይም። «ዋና» ሲላላ የውሃ ዋና፣ ሲጠብቅ ደግሞ መሠረታዊ ማለት ነው። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው «ምን አለ?» እንኳ ሲላላ ስለ ተናገረ ሰው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ስለ ኖረ ነገር የሚጠይቅ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩነት የሚያስጠብቀው ጆሮ ብቻ ነው።

ዕድሜ ሲገፋ አስቀድሞ የሚደክመው በቀጭኑ ድምፅ በኩል ያለው የመስማት ኃይል ነው። ስለዚህ ብዙ አረጋውያን «ድምፁስ ይሰማኛል፤ ቃሉ ግን አይለይልኝም» ሲሉ የሚናገሩት በሳይንስ የተረጋገጠ እውነት ነው። ወፍራሙ ድምፅ ይደርሳቸዋል፤ ቃልን የሚለየው ክፍል ግን በሙዚቃና በሁካታ ሥር ይቀበራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገልጸው የማገገሚያ እርዳታ እስኪያስፈልጋቸው ድረስ የመስማት ችሎታቸው የቀነሰ ሰዎች በዓለም ላይ ከ430 ሚሊዮን ይበልጣሉ። እንግዲህ ጉዳዩ የጥቂት ቤቶች ችግር አይደለም።

ጆሮ ያለ ረዳት አይሰማም

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት የተደረጉ ሦስት ጥናቶች አድማጭ ንግግርን ለመለየት ምን ምን እንደሚረዳው አሳዩ።

አንደኛው በ1951 ጆርጅ ሚለርና ሁለት ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ነው። እነርሱ እንዳረጋገጡት በሁካታ መካከል የሚነገሩ ቁጥሮች በቀላሉ ይለያሉ፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የሚነገሩ ቃላት ደግሞ ትርጉም ከሌላቸው ክፍለ ቃላት በተሻለ ይለያሉ። አድማጩ ምን ሊነገረው እንደሚችል አስቀድሞ ባወቀ መጠን ጥቂት ድምፅ ይበቃዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮሊን ቼሪ በ1953 ያሳተሙት ጥናት ነው። ቼሪ የጠየቁት ብዙ ሰዎች በአንድነት በሚያወሩበት ግብዣ ላይ አንድ ሰው የአንዱን ንግግር ለይቶ የሚሰማው እንዴት ነው? የሚል ነበር። ሁለት ንግግሮች ተደራርበው ለሁለቱም ጆሮዎች ሲሰጡ መለየቱ እጅግ አድካሚ ሆነ፤ አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ጆሮ ሲሰጥ ግን አድማጩ የፈለገውን ያለ ችግር ተከተለ። ድምፅ የሚመጣበት አቅጣጫ ለጆሮ ትልቅ ረዳት ነው። በሳሎን ውስጥ ግን ተዋናዩም፣ ዝናሙም፣ ሙዚቃውም የሚመጡት ከአንዲት ሣጥን ስለ ሆነ ይህ ረዳት ይታጣል።

ሦስተኛው በ1954 ሰምቢና ፖላክ ያሳተሙት ሲሆን፣ በሁካታ ውስጥ የተናጋሪን ፊትና ከንፈር ማየት ንግግሩን ለመለየት ምን ያህል እንደሚያግዝ በመለኪያ ያሳየ ነው። ተናጋሪው ጀርባውን ሲያዞር ወይም ፊቱ በጨለማ ሲሸፈን አድማጩ ይህን እርዳታ ያጣል።

እነዚህ ሦስቱ ጥናቶች ስለ ቴሌቪዥን ተብለው የተደረጉ አልነበሩም። ቴሌቪዥን ቆይቶ የገባበትን ችግር ግን አስቀድመው ያመላከቱ ነበሩ።

የመጀመሪያዎቹ ሳሎኖች

ቢ.ቢ.ሲ. ከለንደኑ አሌክሳንድራ ፓላስ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭቱን የጀመረው ኅዳር 2 ቀን 1936 ነበር። ሥዕሉ በኋለኛው ዘመን ሚዛን ሲታይ ደካማ ነበር። ንግግሩ ግን በአንጻሩ ለመለየት የሚያስቸግር አልነበረም። ለዚህም በርካታ ምክንያቶች ነበሩ። ተውኔቶቹ በቀጥታ የሚተላለፉ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ተዋንያን ከቲያትር መድረክ የመጡ በመሆናቸው ድምፃቸውን እስከ አዳራሹ መጨረሻ ማድረስ የለመዱ ነበሩ፤ ማይክሮፎኑም በረጅም ክንድ ላይ ተሰቅሎ ከበላያቸው ስለሚንቀሳቀስ አጉረምርሞ የሚናገርን ተዋናይ ሊረዳው አይችልም ነበር። ከአንድ ትዕይንት ሥር ብዙ ድምፆችን መደራረብም በቀጥታ ሥርጭት ላይ አስቸጋሪ ነበር።

መቀበያውም የበኩሉን ድርሻ ነበረው። የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን እንደ ቁም ሣጥን ከእንጨት የተሠራ የቤት ዕቃ ሲሆን፣ ድምፅ ማጉያው ደህና ስፋት ኖሮት ብዙ ጊዜ ወደ ተመልካቹ ይመለከት ነበር። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በተጀመረበት በ1964 የነበሩት መቀበያዎችም ከዚሁ ዘር የሚቆጠሩ፣ ለድምፅ ማጉያ የሚበቃ ወርድና ጥልቀት ያላቸው ነበሩ። ይህ ሲባል ያ ዘመን ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። በድምፅ ረገድ ግን የአሠራሩ ድህነት ራሱ ንግግሩን ጠብቆት ነበር።

መሣሪያው ሲሻሻል ንግግሩ የራቀበት ምክንያት

ከዚያ በኋላ የመጡት ለውጦች እያንዳንዳቸው መሻሻል ነበሩ፤ ድምራቸው ግን ንግግሩን ከአድማጩ አራቀው።

በመጀመሪያ ደረጃ ድራማ ከስቱዲዮ ወጥቶ እንደ ሲኒማ በየመንገዱና በየሜዳው መቀረጽ ጀመረ። ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክሮፎንም በመገኘቱ ተዋናዩ ድምፁን ከፍ ማድረግ አላስፈለገውም። በሹክሹክታና በመንተባተብ የተፈጥሮን አነጋገር መምሰል እንደ ጥበብ ተቆጠረ። የዚህን አካሄድ ጥበባዊ ዋጋ መካድ አይቻልም፤ ነገር ግን ተናባቢው ከተናጋሪው አፍ ሳይወጣ ከቀረ በኋላ የሚመልሰው መሣሪያ የለም።

በሁለተኛ ደረጃ የድምፅ መስመሮች በዙ። በአሜሪካ በ1984 የስቴሪዮ ድምፅ ለቴሌቪዥን ተፈቀደ፤ በብሪታንያ ደግሞ ቢ.ቢ.ሲ. በ1991 በይፋ ጀመረው። ከዲጂታል ሥርጭት ጋር ስድስት መስመር ያለው የዙሪያ ድምፅ ተከተለ። በዚህ አሠራር ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው በመካከለኛው መስመር ሲሆን፣ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ በግራ፣ በቀኝና በኋላ ይሰራጫሉ። አድማጩ በእርግጥ አምስት ድምፅ ማጉያዎችን በየቦታው ቢያቆም ኖሮ ቼሪ የገለጹት የአቅጣጫ እርዳታ ይገኝ ነበር። በብዙ ቤት ውስጥ የነበሩት ግን ሁለት ትናንሽ ማጉያዎች ብቻ ናቸው። መቀበያው መስመሮቹን ሁሉ አንድ ላይ አጣጥፎ በሁለቱ ሲያወጣቸው፣ ለብቻው ተከብሮ የነበረው ንግግር እንደገና ከሁካታው ጋር ይደባለቃል።

በሦስተኛ ደረጃ በ2000ዎቹ ዓመታት የመስተዋቱ ቱቦ በስስ ሠሌዳ ተተካ። ለሥዕል ትልቅ እርምጃ የሆነው ይህ ለውጥ ለድምፅ ማጉያ ቦታ አሳጣ። ማጉያው ትንሽ ሆኖ ከሠሌዳው ሥር ወደ ታች ወይም ከጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲመለከት ተደረገ። ትርጉም የሚሸከመው ቀጭኑ ድምፅ ደግሞ በባሕርዩ ወደ ዞረበት አቅጣጫ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ለተመልካቹ በቀጥታ መድረሱ ቀርቶ ከግድግዳና ከጠረጴዛ ነጥሮ ይመጣል።

ከእነዚህ ሦስቱ በተጨማሪ በአራተኛ ደረጃ የሚጠቀሰው ከመሣሪያ ይልቅ ከሰው ጋር የተያያዘ ነው። ድምፁን የሚያቀናብረው ባለሙያ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ ምርጥ በሆኑ ድምፅ ማጉያዎች ፊት ተቀምጦ ይሠራል። ከሁሉም በላይ አንድን ትዕይንት ደጋግሞ ስለሚሰማ ቃላቱን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ዳይሬክተሩም እንዲሁ። ሚለር በ1951 እንዳሳዩት አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ጥቂት ድምፅ ይበቃዋል። ስለዚህ ባለሙያው ሙዚቃውን ከፍ ሲያደርግ ንግግሩ አሁንም የተለየ ሆኖ ይሰማዋል፤ ልቡናው የጎደለውን እየሞላለት መሆኑን ግን አያስተውልም። ተመልካቹ በበኩሉ ቃሉን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ሳህን በሚንኳኳበት፣ ሕፃን በሚጮህበት ቤት ውስጥ ነው።

የጩኸት ደንብ

የተመልካቾች ምሬት በመጀመሪያ ሰሚ ያገኘው በንግግር ሳይሆን በማስታወቂያ ጩኸት ምክንያት ነው። ማስታወቂያ ሠሪዎች ድምፅን አምቀው፣ ከተፈቀደው ጣሪያ ሳያልፉ ከድራማው እጅግ ልቆ እንዲሰማ ማድረጉን አውቀውበት ነበር። ጣሪያውን የሚለካው መሣሪያ የሚያየው የድምፁን ጫፍ ብቻ እንጂ ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ አልነበረምና።

በ2006 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የድምፅን ጉልህነት ለሰው ጆሮ በሚቀርብ መንገድ የሚለካ ደንብ አወጣ። የአውሮፓ የሥርጭት ድርጅቶች ኅብረትም ይህንኑ መሠረት አድርጎ በ2010 አር 128 የተባለውን ምክረ ሐሳብ በማውጣት፣ የአንድ ዝግጅት አማካይ ጉልህነት በመለኪያው 23 ዴሲቤል ከጣሪያው ዝቅ እንዲል መከረ። በአሜሪካ ደግሞ የማስታወቂያን ጩኸት የሚገድበው ሕግ በታኅሣሥ 2010 ተፈርሞ በታኅሣሥ 2012 ሥራ ላይ ዋለ።

ይህ ሁሉ ጠቃሚ ሥራ ነበር። ከአንዱ ጣቢያ ወደ ሌላው ሲታለፍ፣ ከድራማ ወደ ማስታወቂያ ሲሻገር ተመልካቹን የሚያስደነግጠውን ልዩነት አጠበበ። ሆኖም የሚለካው የዝግጅቱ አጠቃላይ ድምፅ ነው። አንድ ድራማ አማካዩን ሳይስት ሙዚቃው ንግግሩን ሊውጠው ይችላል። ለዲጂታል ሥርጭት በወጣው የዶልቢ አሠራር ውስጥ የንግግሩን ደረጃ የሚያመለክት ቁጥር ከድምፁ ጋር እንዲላክ መደረጉም ንግግር መለኪያ እንዲሆን ያበቃ ትልቅ ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን መቀበያው በቁጥሩ መሠረት ከፍ ወይም ዝቅ የሚያደርገው ሁሉንም በአንድነት ነው። በንግግሩና በአጃቢው ድምፅ መካከል ያለው ሚዛን ስቱዲዮ ውስጥ እንደ ተቆለፈ ቀረ።

አቤቱታው ጎልቶ የተሰማባቸው ዓመታት

በብሪታንያ ነገሩ የአደባባይ ጉዳይ የሆነው በ2011 ነው። በዚያ ዓመት መጋቢት የፊዚክስ መምህሩ ብራያን ኮክስ ያቀረቡት «ወንደርስ ኦቭ ዘ ዩኒቨርስ» የተባለ የሳይንስ ዝግጅት የመጀመሪያ ክፍል እንደ ታየ፣ ሙዚቃው ንግግሩን ሸፈነው የሚል አቤቱታ ቀረበ። ቢ.ቢ.ሲ. ጆሮ ዳባ ልበስ ሳይል የቀጣዮቹን ክፍሎች ድምፅ እንደገና አስተካከለ። አቅራቢው ግን ዝግጅቱ እንደ ሲኒማ ሊታይ የሚገባው ነው በማለት ውሳኔውን በይፋ ተቃወሙ። በዚህ ክርክር ውስጥ የሁለቱም ወገኖች ሐሳብ ሊናቅ የሚገባው አልነበረም። አንዱ የሥራውን ውበት፣ ሌላው የመስማት መብቱን ይጠብቅ ነበር። ያ ዘመን ያቀረበው አሠራር ግን ለሁለቱም የሚሆን አንድ ድምፅ ብቻ ስለ ነበር ከሁለቱ አንዱ የግድ መሸነፍ ነበረበት።

በዚያው ዓመት ቢ.ቢ.ሲ. ለአዘጋጆቹ ስለ ንግግር መለየት መመሪያ አወጣ። ያም ሆኖ በሚያዝያ 2014 «ጃማይካ ኢን» የተባለው ባለ ሦስት ክፍል ድራማ ሲታይ ተዋንያኑ ያጉረመርማሉ፣ ቃላቸው አይለይም የሚል ከ2,000 በላይ አቤቱታ ደረሰ። ጣቢያው ከመጀመሪያው ምሽት በኋላ የድምፁን ደረጃ ለማስተካከል ሞከረ፤ አቤቱታው ግን አልቆመም። ከተዋናዩ አፍ ተለይቶ ያልወጣ ቃል ድምፅ በማጉላት እንደማይጠራ ይህ ድራማ በግልጽ አሳየ።

በዓይን መስማት

በዚህ መካከል ብዙ ተመልካቾች የራሳቸውን መፍትሔ አገኙ፤ እርሱም የግርጌ ጽሑፍ ነው። የግርጌ ጽሑፍ መጀመሪያ የታሰበው ለመስማት ለተሳናቸው ነበር። በአሜሪካ በ1972 የቦስተኑ ደብልዩ.ጂ.ቢ.ኤች. ጣቢያ «ዘ ፍሬንች ሼፍ» የተባለውን የምግብ አሠራር ዝግጅት ለሁሉም በሚታይ ጽሑፍ አቀረበ። በመጋቢት 1980 ደግሞ ልዩ መሣሪያ ያለው ተመልካች ብቻ የሚያየው የተሰወረ ጽሑፍ መደበኛ አገልግሎት ተጀመረ። ከሐምሌ 1993 ጀምሮ በአሜሪካ ለሽያጭ የሚሠሩ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆኑ መቀበያዎች ሁሉ ይህን ማሳያ በውስጣቸው እንዲይዙ ሕጉ አስገደደ።

ጽሑፉ በሰፊው ከተገኘ በኋላ ግን የተጠቃሚዎቹ ማንነት ያልተጠበቀ ሆነ። የብሪታንያ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኦፍኮም በ2006 እንዳስታወቀው በአገሩ የግርጌ ጽሑፍ ከሚጠቀሙት 7.5 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 6 ሚሊዮን የሚሆኑት የመስማት ችግር የሌለባቸው ነበሩ። ለመስማት ለተሳነው ጽሑፉ የማይተካ መብት ነው። መስማት የሚችለው ሰው ጭምር ወደ ጽሑፍ መሸሹ ግን የድምፁን ሥራ ጉድለት የሚያጋልጥ ነው። ከዚህም በላይ ጽሑፍ ዓይኑ ለደከመ፣ ማንበብ ላልተማረ፣ ወይም ቋንቋውን ሰምቶ እንጂ አንብቦ ለማይከተል ሰው አይጠቅምም። በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠው አረጋዊ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው።

ንግግርን ለብቻው ማቆየት

ችግሩ በሚዛን መቆለፍ የመጣ ከሆነ መፍትሔው ቁልፉን ለአድማጩ መስጠት ነው። ይህ ሐሳብ ለባለሙያዎች አዲስ አልነበረም። ፊልም ወደ ሌላ ቋንቋ ተተርጉሞ በድምፅ ሲመለስ አዘጋጁ የሚቀበለው ንግግሩ የወጣለትን፣ ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ብቻ የቀሩበትን መስመር ነው። በ2016 ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ በኢትዮጵያ ቤቶች የታየው አሠራር የዚሁ ዓይነት ነው፤ የባዕዱ ቋንቋ ንግግር ወጥቶ በስቱዲዮ የተቀረጸ የአማርኛ ንግግር ይገባበታል። እንግዲህ ንግግርና አጃቢ ድምፅ በሥራው ቦታ ሁልጊዜም ተለያይተው ይኖሩ ነበር። አንድ ላይ የሚታተሙት ወደ ሳሎን ሊላኩ ሲሉ ነው።

ይህን ማኅተም ለማንሣት ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ በእንግሊዝ አገር የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ ዓመታት ያካሄዱት ጥናት ነው። እነርሱም በዙሪያ ድምፅ ውስጥ የግራና የቀኝ መስመሮች ከመካከለኛው አንጻር ዝቅ ሲደረጉ የመስማት ችሎታቸው የቀነሰ ተመልካቾች ንግግሩን በተሻለ እንደሚለዩ አረጋገጡ።

በ2011 ደግሞ ቢ.ቢ.ሲ. ከጀርመኑ የፍራውንሆፈር ተቋም ጋር በዊምብልደን የቴኒስ ውድድር ላይ ሙከራ አደረገ። በኢንተርኔት የሚከታተሉ የሬዲዮ አድማጮች የዘጋቢውን ድምፅና የሜዳውን ድምፅ ሚዛን በራሳቸው እንዲያስተካክሉ ተፈቀደላቸው። ውጤቱ አስተማሪ ነበር። አንዳንዶች ዘጋቢውን ከፍ አደረጉ፤ ሌሎች ደግሞ ሜዳው ጎልቶ እንዲሰማቸው ዘጋቢውን ዝቅ አደረጉ። ሁሉን የሚያስደስት አንድ ትክክለኛ ሚዛን የለም ማለት ነው። በኮክስ ዝግጅት ላይ የተነሣውም ክርክር በአንድ ድምፅ ሊዳኝ ያልቻለው በዚህ ምክንያት ነበር።

በ2019 የቢ.ቢ.ሲ.ና የሳልፎርድ ባለሙያዎች በአንድነት ወደ ድራማ ተሻገሩ። «ካዡዋልቲ» በተባለው የሆስፒታል ድራማ አንድ ክፍል ላይ እያንዳንዱ ድምፅ ለታሪኩ ያለው አስፈላጊነት ተመዝኖ ደረጃ ተሰጠው። ተመልካቹ አንዲት መቆጣጠሪያ ሲያንቀሳቅስ ንግግሩና ለታሪኩ የግድ የሚያስፈልጉት ድምፆች ይቆያሉ፤ ለማሳመር ብቻ የገቡት ዝቅ ይላሉ። የዚህ ሥራ ብልሃት ከንግግር ሌላ ያለውን ሁሉ እንደ ሁካታ አለመቁጠሩ ነው። በሆስፒታል ድራማ ውስጥ የልብ ምት መከታተያው ድምፅ ካልተሰማ ታማሚው መሞቱን አድማጩ በምን ያውቃል? ከቃል ሌላም የሚናገር ድምፅ አለ።

የቀረው ጥያቄ ንግግሩ ለብቻው ያልተቀመጠላቸው የቆዩ ዝግጅቶች ጉዳይ ነበር። ለዚህም በብዙ ምሳሌ የሠለጠነ የኮምፒዩተር አሠራር ንግግርን ከተቀላቀለው ድምፅ ውስጥ መልቀም ጀመረ። ከመስከረም 2020 እስከ የካቲት 2021 ሁለት የጀርመን የሕዝብ ጣቢያዎች ከፍራውንሆፈር ጋር በዚህ አሠራር የተዘጋጀ ተጨማሪ ድምፅ ለተመልካች አቀረቡ። ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች በተካፈሉበት መጠይቅ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ከሆኑት 90 በመቶው የቴሌቪዥንን ንግግር ለመለየት ብዙ ጊዜ ወይም እጅግ ብዙ ጊዜ እንደሚቸገሩ ገለጹ። ከተሳታፊዎቹ 83 በመቶው ደግሞ ጥርት ወዳለው ድምፅ የመቀየር ምርጫ መኖሩን ወደዱት። በ2023 አማዞን ንግግርን ከአጃቢው ድምፅ አንጻር ከፍ የሚያደርግ ምርጫ በተወሰኑ ፊልሞችና ድራማዎቹ ላይ በማቅረቡ ሐሳቡ ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ ወጣ።

ከታሪኩ የሚገኘው ትምህርት

ይህን ታሪክ ከመነሻው እስከ ቅርብ ጊዜ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ንግግርን የሚያጠራው ምን እንደ ሆነ በ1929 የታወቀ ነበር፤ ጆሮ ምን ረዳት እንደሚሻም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ታውቋል። ለሚቀጥሉት አሠርት ዓመታት የጎደለው እውቀት አልነበረም። የጎደለው፣ ድምፁን የሚያቀናብረው ሰው በሚሠራበት ጸጥተኛ ክፍልና ድምፁ በሚደርስበት ሳሎን መካከል ያለውን ርቀት ማሰብ ነበር። በእያንዳንዱ ዘመን የተሻለ መሣሪያ ሲመጣ ባለሙያው የሰማውን ተመልካቹም እንደሚሰማ ተደርጎ ይታሰብ ነበር።

አዲሱ አሠራርም ቢሆን የቀድሞውን ጥንቃቄ አያስቀርም። ኮምፒዩተር ከሁካታ ውስጥ ድምፅን ሊለቅም ይችላል፤ ተዋናዩ ያልተናገረውን ተናባቢ ግን ሊፈጥርለት አይገባም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እንደ ጥንቱ በተናጋሪው አፍና በማይክሮፎኑ አቀማመጥ ላይ ይቀራል። ሁለተኛው ሥራ የተጠናቀቀውን ዝግጅት ጽሑፉን አንብቦ ለማያውቅ ሰው በተራ መቀበያ፣ በተራ ክፍል ውስጥ አስደምጦ መፈተሽ ነው። ይህ ፈተና ወጪው አነስተኛ ነው፤ ፍሌቸርና ባልደረቦቻቸው አድማጮቻቸውን ትርጉም በሌላቸው ክፍለ ቃላት የፈተኑበትም ምክንያት ይኸው ነበር። ሦስተኛውና የመጨረሻው ሥራ ንግግሩን እስከ ሳሎኑ ድረስ ለብቻው አድርሶ ሚዛኑን ለባለቤቱ መተው ነው።

ይህ ሲሆን ሙዚቃውን የሚወድ ከነሙዚቃው፣ ቃሉን የሚፈልግ ከነቃሉ ያደምጣል። በሳሎኑ ጥግ የተቀመጠው አረጋዊም «ምን አለ?» ብሎ መጠየቅ ሳያስፈልገው ከቤተሰቡ ጋር እኩል ይስቃል።